ራቭፎር ወይስ ቱሳን? መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ

ሐዋሳ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው ቡናውን በሰላም አይጠጣም። «ራቭፎር ልግዛ ቱሳን?» የሚለው ጥያቄ ፒያሳም፣ ሐይቅ ዳርም፣ ለቅሶ ቤትም ተከትሎኝ ይመጣል። በጥያቄው አልከፋም። የሚያናድደኝ ጠያቂው መልሱን ከደላላ ጨርሶ ሰምቶ እኔ ጋ ለማስጸደቅ ብቻ ሲመጣ ነው። ሌላ ነገር ከተናገርኩ ፊቱ ይጠቁራል።

ስለዚህ በየሳምንቱ የምደግመውን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። በጥቅስ ያለው ሰው የሚነግረኝ ነው፤ ከሥሩ ያለው የእኔ መልስ ነው። የማወራው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞሩት ያገለገሉ የቤንዚን መኪኖች፣ ስለ ቶዮታ ራቭፎርና ስለ ሂዩንዳይ ቱሳን ነው። የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ያለው ገበያ እዚሁ አገር ውስጥ ያለው ነው። ዋጋውን ታውቁታላችሁ። በዚህ ዋጋ ተሳስቶ መግዛት ያማል።

«መኪናው ስለተከለከለ መለዋወጫው ይጠፋል»

የተከለከለው መኪናው ነው። ዕቃው እየገባ ነው። ቀጥሉ።

«ሰባት ሰው ይይዛል»

ሁለቱም የአምስት ሰው መኪና ናቸው። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ ራቭፎሮች ሦስተኛ ወንበር አላቸው፤ እሱ ለሕፃን ነው። ጋሼን እዚያ አታስቀምጧቸው።

«ቱሳን ዕቃ የለውም»

አለው። የራቭፎርን ያህል በየሱቁ አይደረደርም፣ ይህን አልክድም። ሐዋሳ ያጣችሁትን ግን የሻሲ ቁጥሩን ይዞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚያውቁት ሰው መደወል ነው። ከኪያ ስፖርቴጅ ጋር ወንድማማች ስለሆኑ ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። ደግሞ ብዙ የሚፈለግ ዕቃ ብዙ ይኮረጃል። «ኦሪጅናል ቶዮታ» ተብሎ የተገዛ የፍሬን ሸራ በሁለት ወር አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ የመጣ ደንበኛ አለኝ።

«ቶዮታ አይሞትም»

ይሞታል። ዘይት ካጣ ማንኛውም ሞተር ይሞታል። ከ2006 እስከ 2008 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ራቭፎር ዘይት በመጠጣት የታወቀ ነው። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ሪንግ ቀይሯል። እኛ አገር ደግሞ «ቶዮታ ነው» ተብሎ ዘይቱ ሳይታይ ወራት ያልፋሉ። ይህን ሞዴል ከገዛችሁ ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ማየት ግዴታችሁ ነው። የቱሳን ወገኖችም አትኩሩብኝ። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 2.0 ቤንዚን ቱሳን ታይሚንግ ቤልቱ፣ ማለትም ቫልቭና ፒስተኑን የሚያጣጥመው ቀበቶ፣ ጎማ ነው፤ በጊዜው ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭ ያጣምማል። በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ የተገጠመው ባለ 2.4 ሊትር ሞተርም በብሮንዚና፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ በሚሽከረከርበት ማረፊያ፣ ችግር ሂዩንዳይን ብዙ ገንዘብ አስወጥቶታል። ስለዚህ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሞተር እንደሆነ ሳትነግሩኝ «የትኛው ይሻላል» አትበሉኝ።

«ከፍ ያለ መኪና ነው፣ ፎርዊል ነው»

እዚህ ጋ ታገሱኝ። ጸጉሬን ያስሸበተችኝ ይቺ ናት።

ራቭፎርም ቱሳንም ሁለት ዓይነት ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። አንዱ ጉልበቱን ለፊት ጎማዎች ብቻ ይሰጣል። ሌላው ካስፈለገ ለአራቱም ያካፍላል፤ ፎርዊል የሚባለው እሱ ነው። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ቁመታቸው አንድ፣ በራቸው አንድ፣ ወንበራቸው አንድ። «ስሙ ላይ ፎር ይላል እኮ» የሚል ሰው በወር ሁለቴ ይመጣብኛል። ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍም ማስረጃ አይሆንም፤ ስቲከር የትም ይሸጣል።

አንድ መምህር ደንበኛዬ ራቭፎር ገዛ። ደላላው ፎርዊል ነው ብሎታል። በሐምሌ ዝናብ ቤተሰቡን ጭኖ ከአለታ ወንዶ ወጣ ብሎ ለለቅሶ ሄደ። ጥርጊያው ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። አማቱ ወርደው ነጠላቸውን ሰብስበው ዳር ቆሙ። በመጨረሻ አይሱዙ መጥቶ በገመድ ጎትቶ አወጣው። በማግስቱ ጋራዥ መጥቶ «ፎርዊሉ ተበላሽቷል፣ ሥራልኝ» አለኝ። መኪናውን በክሪክ አነሳሁለትና «ና መምህር፣ አብረን እንይ» አልኩት። ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ባዶ ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሰርቀውኝ ነው?» አለኝ። ድሮም ያልነበረውን ማን ይሰርቀዋል!

ማጣራቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላ ፓራውልት ሥር ተንበርከኩና የስልካችሁን ባትሪ አብሩ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ትንሽ ሐብሐብ የሚያህል ብረት፣ ማለትም ዲፈረንሻል፣ መኖር አለበት። ከሱ ወደ ግራና ቀኝ ጎማ ዘንግ ይወጣል። ወደ ፊት ደግሞ ከማርሚታው ቧንቧ ጎን ረጅም ዘንግ እስከ ካምቢዮው ድረስ ይዘልቃል። ይህ ካለ ፎርዊል ነው። ከሌለ የለም። ሱሪያችሁ ይቆሽሻል፣ ይታጠባል።

ካለም ላንድክሩዘር ገዛሁ ብላችሁ አትሳቱ። ቱሳንም፣ ከ2006 ወዲህ ያለው ራቭፎርም ደረቅ አስፋልት ላይ በአብዛኛው በፊት ጎማ ነው የሚሄዱት። የፊቱ ሲንሸራተት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ክላች ይይዝና ለኋላው ያካፍላል፤ ቢበዛ ግማሽ በግማሽ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሎክ ቁልፍ ይህን ክላች ጨምቃ ትይዘዋለች። በሰዓት ወደ 40 ኪሎሜትር ስትጠጉ ግን ራሷ ትለቃለች። ለከባድ ዳገት የሚሆን የተለየ ዝቅተኛ ማርሽም የላቸውም። ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ነዳጅ እየረገጠ ጎማ የሚያሽከረክር ሰው ክላቹን ያሞቀዋል። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ይለቃል። ያኔ ፎርዊል ገዝታችሁ በፊት ጎማ ብቻ ቀራችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጎሚስታዎቻችን ይስሙኝ። ፎርዊል መኪና ላይ አራቱም ጎማ እኩል መሆን አለበት። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ ከተገጠመ የፊትና የኋላው ዙር አይገጥምም። ክላቹ ሳያርፍ ይሠራል፣ ይቃጠላል። የኋላ ዲፈረንሻል የራሱ ዘይት እንዳለውም የሚያስታውስ ባለመኪና ብርቅ ነው። መኪናው ሲበላሽም ፊቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ኋላው እየተንከባለለ አይጎተትም፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ይነሳ።

ሌላው ቀርቶ ፎርዊል ለመቆም አይረዳም። የሚረዳው ለመነሳት ነው። በዝናብ ሻሸመኔ መንገድ ላይ ድንገት ባጃጅ ሲገባባችሁ የሚያድናችሁ ጥርስ ያለው ጎማና ደህና ፍሬን ነው።

ኑሯችሁ ከአቶቴ ፒያሳ፣ ለበዓል ደግሞ አዲስ አበባ ከሆነ በፊት ጎማ የሚሄደው ይበቃችኋል። ይቀላል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ የሚበላሽ ዕቃውም ያንሳል። ክረምት ከበጋ ገጠር የሚመላለስ የቡና ነጋዴ ከሆናችሁ ያኔ ለፎርዊል መክፈል ያዋጣችኋል።

«ባለ 2.0 ሁልጊዜ ከባለ 2.4 ይቆጥባል»

ከተማ ውስጥ ብቻችሁን ስትነዱ፣ አዎ። ሐዋሳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። አምስት ሰውና የበዓል በግ ጭናችሁ ወደ ሐገረ ሰላም ስትወጡ ትንሹ ሞተር እየጮኸ ነው የሚወጣው። የጮኸ ሞተር ደግሞ ይበላል።

«ኪሎሜትሩ ገና 60 ሺህ ነው»

ቁጥሩ በኮምፒውተር ይቀየራል። እናንተ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እዩ። መሪው የት ጋ እንደላሰ፣ የሾፌሩ ወንበር በመውረጃው በኩል እንዴት እንደተፈተገ እዩ። 60 ሺህ የሄደ መኪና ፔዳሉ መላጣ አይሆንም።

«የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይቀየርም»

ይቀየራል። ከ2013 ወዲህ ያለው ባለ 2.0 አውቶማቲክ ራቭፎር ሲቪቲ የሚባል፣ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ነው ያለው፤ የራሱን ዘይት ብቻ ነው የሚጠጣው። «ያው ዘይት ነው» ብሎ ያገኘውን የሚሞላ መካኒክ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።

እሺ፣ የትኛውን? ቶሎ መሸጥ የምትፈልጉ ከሆነ ራቭፎር፤ በዚህ ደላላዎቹ አልዋሹም። የ2012 እና ከዚያ በፊት ያለው ራቭፎር የኋላ በሩ ወደ ጎን ስለሚከፈት ግን ገበያ ውስጥ ከኋላችሁ መኪና ተጠግቶ ከቆመ ዕቃ ማውጣት ፈተና ነው። በእኩል ብር ብዙ ጊዜ አዲስ ያለ ቱሳንና ያረጀ ራቭፎር ነው የሚቀርብላችሁ። እኔ አዲሱንና ንጹሑን እመርጣለሁ። ይህን ስል የሚኮራረፉኝ አሉ፣ ይኮራረፉ።

ለማስመርመር ስትመጡ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ አምጡት ማለት አልችልም፤ ተነድቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መኪናው ያደረበት ቦታ እኔ ልምጣ። በቀዝቃዛው ሲነሳ የሚወጣውን ጭስና የሚሰማውን ኳኳታ ነው የምፈልገው። ኮፈኑን ስትነኩት ትኩስ ሆኖ ከጠበቃችሁ፣ ባለመኪናውን ሳትጨቃጨቁ ለሌላ ቀን ቅጠሩት።