የሞራል አንጻራዊነት ምንድን ነው?

«ለአንተ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ልክ ነው።» ክርክር ሲሰለቸን እንዲህ ብለን እንገላገላለን። ብዙ ጊዜ አስበንበት አንለውም፤ ነገሩ እንዲበርድ ብቻ ነው የምንፈልገው። ከጀርባው ግን ትልቅ የፍልስፍና አቋም አለ። የሞራል አንጻራዊነት ይባላል።

አቋሙ እንዲህ ነው፦ አንድ ድርጊት ልክ ወይም ስህተት የሚሆነው በአንድ ሰው ወይም በአንድ ማኅበረሰብ መለኪያ ሲታይ ብቻ ነው። ከእነዚህ መለኪያዎች በላይ ቆሞ የሚዳኝ ሌላ መለኪያ የለም። ተቃራኒው ወገን ደግሞ «ጭካኔ አገር ሁሉ ቢያጨበጭብለትም ስህተት ነው» ይላል። እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ። አንጻራዊነትን ግን በቀላሉ መናቅ አይገባም።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ፕሮታጎራስ «የነገር ሁሉ መለኪያ ሰው ነው» ብሏል። በዚያው ዘመን የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ደግሞ ስለ ፋርሱ ንጉሥ ስለ ዳርዮስ አንድ ነገር ጽፎልናል። ንጉሡ አጠገቡ የነበሩ ግሪኮችን ጠራና «ስንት ቢከፈላችሁ የሞቱ አባቶቻችሁን ሥጋ ትበላላችሁ?» አላቸው። በምንም ዋጋ አናደርገውም አሉ። ቀጥሎ ካላትያ የሚባሉ የሕንድ ሰዎችን አስጠራ። እነዚህ የወላጆቻቸውን አስከሬን ይበላሉ ይባል ነበር። ግሪኮቹ በአስተርጓሚ እየሰሙ «ስንት ቢከፈላችሁ አባቶቻችሁን በእሳት ታቃጥላላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጮኹ። ኧረ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ አይውጣ አሉት። ግሪኮቹ ደግሞ ሙታናቸውን የሚያቃጥሉ ነበሩ።

አንጻራዊነትን የሚደግፉ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሱታል። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ሁለቱም ወገኖች የሞተ አባት መዋረድ የለበትም ብለው ያምናሉ። ሁለቱም ይህን እምነት በገንዘብ አይለውጡም። የተለያዩት ክብሩ በምን ይገለጽ በሚለው ላይ ነው። ብዙ የባህል ልዩነት ሲገላለጥ እንዲህ ሆኖ ይገኛል። ሁሉም ግን አይደለም። ሥር የሰደደ የእሴት ልዩነትም አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ቢኖርስ? ሰዎች ስለ ሞራል ይለያያሉ ማለት የታዘብነውን መናገር ነው። ስለዚህ ትክክለኛ መልስ የለም ማለት ግን ሌላ ትልቅ እርምጃ ነው። ሰዎች ወባ ከምን እንደሚመጣ ለዘመናት ሲለያዩ ኖረዋል። ከመጥፎ አየር ነው ያሉም ነበሩ። ትንኟ ግን የማንንም እምነት ሳትጠይቅ በሽታውን ስታስተላልፍ ኖራለች።

አንጻራዊነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መለኪያውን ለግለሰብ ይሰጣል። ይህኛው ብዙም አያስኬድም። «ስህተት ነው» ማለት «እኔ አልወደውም» ማለት ብቻ ከሆነ፣ እኔ «ስህተት ነው» አንተ «ልክ ነው» ስንል አልተጋጨንም ማለት ነው። እኛ ግን እንጋጫለን፣ ማስረጃ እናመጣለን፣ አንዳንዴም ሐሳባችንን እንለውጣለን።

ሁለተኛው መለኪያውን ለባህል ይሰጣል። ይህኛው ከበድ ይላል። ባርነት ሕጋዊና የተለመደ የሆነበትን አገር እናስብ። በዚህ አቋም ከሄድን እዚያ አገር ተነስቶ «ይህ ግፍ ነው» የሚል ሰው የተሳሳተው እሱ ነው፤ የባህሉን መለኪያ ጥሷልና። ይህ የሩቅ ዘመን ጉዳይ እንዳይመስለን፤ ሞሪታንያ ባርነትን በአዋጅ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ የሚያስቀጣ ወንጀል ያደረገችው ደግሞ በ2007።

እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ አለ። «ባህሉ እንዲህ ይላል» ሲባል የማን ድምፅ ነው? ባሪያ የተደረገውም ሰው እዚያው ተወልዷል፣ ያንኑ ቋንቋ ይናገራል። የባህሉ ሰው ነው። ማን ጠየቀው? አብዛኛውን ጊዜ «ባህላችን» ተብሎ የሚቀርብልን አለንጋውን የያዘው ሰው አስተያየት ነው።

ብዙዎችን ወደዚህ አቋም የሚስባቸው ግን ቅን ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅ ባህል ጥናት) ማኅበር በተባበሩት መንግሥታት ሲረቀቅ ስለነበረው የሰብአዊ መብት መግለጫ ስጋቱን በጽሑፍ አቀረበ። የምዕራቡ ዓለም መለኪያ በሌላው ሕዝብ ላይ እንዳይጫን ፈርቶ ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ይህ ተገቢ ፍርሃት ነው፤ «ልናሠለጥናችሁ ነው» እየተባለ ስንቱ ሕዝብ ተረግጧል! ነገር ግን «የማንንም ባህል አትርገጡ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ሆኖ ነው የቀረበው። መርገጥ ባህሌ ነው ለሚል ወራሪ አንጻራዊነት ምን መልስ አለው?

መግለጫው ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) በ48 የድጋፍ ድምፅ ጸደቀ። የተቃወመ አልነበረም፤ 8 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከነዚህ አንዷ በዘር መድልዎ ትተዳደር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ናት። የአንትሮፖሎጂ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1999 ሰብአዊ መብትን የሚደግፍ መግለጫ አወጣ።

ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሞራል ከሰው አስተያየት ነፃ ነው ማለት ሕጉ ድርቅ ያለ፣ ምንም ሁኔታ የማይለውጠው ነው ማለት አይደለም። ነፍሰ ገዳይ በር አንኳኩቶ «የምፈልገው ሰው እዚህ አለ?» ቢል፣ የለም ብሎ መዋሸት ልክ ነው። በሌላ ቀን መዋሸት ስህተት ነው። ልዩነቱን ያመጣው በር ላይ የቆመው ሰው ዓላማ እንጂ የእኛ ስሜት ወይም የሰፈሩ ልማድ አይደለም። በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ መልሱ ያው ነው።

የእኔም ወገን ግን ከባድ ጥያቄ አለበት። ይህ የሞራል እውነት የት ነው ያለው? በሚዛን አይመዘን፣ በዓይን አይታይ። ጆን ማኪ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ከምናውቀው ነገር ሁሉ የማይመሳሰል እንግዳ ነገር ይሆን ነበር ሲል ተከራክሯል። አንዳንዶች «ቁጥርም አይዳሰስም፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ግን ማንም አይለውጠውም» ብለው ይመልሳሉ። ሌሎች ደግሞ ሞራልን የሚፈልጉት በሰው ልጅ ደኅንነትና ጉዳት ውስጥ ነው፤ ረሃብና ስቃይ የሚታዩ፣ የሚመረመሩ ነገሮች ናቸው ይላሉ። እኔ ወደነዚህኞቹ አደላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለፈላስፎች በቀረበ ትልቅ መጠይቅ 62 በመቶ ያህሉ የሞራል እውነት አለ ወደሚለው ያዘነበሉ ሲሆን፣ 26 በመቶ ያህሉ ወደ ተቃራኒው አዘንብለዋል። የት እንዳለ ግን አለ የሚሉትም እስካሁን አልተስማሙም።