የሕክምና ሙከራ ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

በሕክምና ሙከራ «ደረጃ 1» ወይም «ደረጃ 3» ሲባል የበሽታው ክብደት አይደለም። ሙከራው የት እንደደረሰ ነው። በደረጃ 1 መድኃኒቱ ለጥቂት ሰዎች ይሰጣል፤ ዋናው ጥያቄ «ይጎዳል ወይ?» ነው። ደረጃ 3 ላይ በመቶዎች ወይም በሺዎች ይሞከራል። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ያልታወቀው ይበዛል።

ብዙ ሰውን የሚያስደነግጠው ግን ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚለየው ዕጣ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በዝሆኔ በሽታ ላይ በተካሄደ ጥናት 696 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሽ ያህሉ የእግር እንክብካቤውን ወዲያው፣ የቀሩት ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ በዕጣ ተለዩ። እንዲህ ያለው አሠራር ደስ ይለኛል፤ ዕጣ ያልወጣለትም አይረሳም። እርስዎም ይጠይቁ፦ ዕጣው ባይደርሰኝ ምን አገኛለሁ?

በሙከራው የስምምነት ወረቀት ላይ የሚያኖሩት ፊርማ ዕዳ አይደለም። ፈርመውም በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይችላሉ፤ መደበኛ ሕክምናዎ በዚህ ምክንያት መቋረጥ የለበትም። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያቆሙ ብቻ ሐኪሙን ያማክሩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ (የተሳታፊዎችን ደኅንነትና መብት የሚጠብቅ አካል) ፈቃድ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክምዎት፣ የሚደውሉበት ስልክ፦ እነዚህ ወረቀቱ ላይ ከሌሉ አይፈርሙ። አዲስ መድኃኒት ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መፍቀድ አለበት። «ቤት ወስጄ ከልጆቼ ጋር ላንብበው» ሲሉ የሚያጣድፍዎት ካለ፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ትተውት ይሂዱ።