አፈትልኮ የወጣ መረጃ ምንድን ነው? የአሰልጣኝ ስንብት ወሬ ከየት ተነስቶ ወሎ ይደርሳል

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ፣ እሁድ ማታ ከዲኤስቲቪ ቤት የሚወጣ ደጋፊ ከውጤቱ እኩል የሚያወራው ስለ አሰልጣኙ ነው። «ሊሰናበት ነው» ይላል አንዱ። «አብሽር፣ አይነኩትም» ይላል ሌላው። «ኧረ አፈትልኮ ወጥቷል!» ሲባል ክርክሩ ያበቃል። ማብቃት ግን አልነበረበትም፤ የሚያፈትልክ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።

ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «አፈተለከ» ሲባል ጥጃ ከበረት ሾልኮ የወጣ፣ ማንም ሳያየው ያመለጠ ይመስላል። በእግር ኳስ ግን ብዙውን ጊዜ በረቱን የከፈተ ሰው አለ፤ የከፈተበትም ምክንያት አለው።

በስፖርት ጋዜጠኞች ዘንድ አፈትልኮ የወጣ መረጃ የሚባለው በክለቡ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት፣ ክለቡም ገና ይፋ ያላደረገው ጉዳይ ከሚያውቀው ሰው በቀጥታ ጋዜጠኛ ጆሮ ሲደርስ ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር መኖር አለበት፦ በእርግጥ የተጀመረ ጉዳይ (ስብሰባ፣ ድርድር፣ ውሳኔ) እና ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ምንጭ። የመጀመሪያው ከሌለ ነገሩ ግምት ነው። «አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል፣ ስለዚህ ይባረራል» የሚለው ሰው መረጃ አልሰጠንም፤ ያሰላውን ነገረን። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ያም ቢሆን ግምት ነው። ሁለተኛው ከሌለ ደግሞ አሉባልታ ይሆናል። ደጋፊ የሚጎዳው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያፈላቸው ነው።

በረቱን ማን ይከፍታል? ብዙ ጊዜ የሚረሳው የአሰልጣኙ ወኪል ነው። ወኪል ስለ ደንበኛው «ሌላ ክለብ ይፈልገዋል» የሚል ወሬ ሲለቅ ዓላማው መልቀቅ ላይሆን ይችላል፤ ውል ለማደስ በሚደረግ ድርድር ላይ ደመወዝ ማስጨመሪያ ነው። ስለዚህ የአንድ አሰልጣኝ ውል ሊያልቅ 12 ወር ሲቀረው ስሙ ከሦስት ክለብ ጋር ሲነሳ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ይህ ነው። የክለቡ ባለሥልጣናት ደግሞ ወሬ የሚለቁት የደጋፊውን ስሜት ለመለካት፣ ወይም ውሳኔው ሲነገር ድንጋጤ እንዳይሆን አስቀድመው ለማለሳለስ ነው። የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ሦስተኛው በር ነው። ከዚያ የሚወጣው ስለ ውሳኔ ሳይሆን ስለ ቅሬታ ነው፦ ልምምዱ ከባድ ነው፣ ከእገሌ ጋር አይነጋገሩም፣ እገሌ ተገለለ። ተጫዋች ቦርዱ ምን እንደወሰነ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ «ተጫዋቾች ተማርረዋል» የሚለውን «ተባረረ» ብሎ ማንበብ ስህተት ነው። የተተኪው ወኪልም አለ፤ እሱ የሚፈልገው ደንበኛው ለቦታው ታጭቷል እንዲባል ብቻ ነው፤ ታጭቶ ቢቀር እንኳ ዋጋው ከፍ ይላል።

ጋዜጠኛው ምንጩን በስም ባይጠራም በሩን የሚጠቁም አነጋገር አለው። «ለአሰልጣኙ ቅርብ የሆኑ ምንጮች» ሲል በአብዛኛው ወኪሉን ወይም ረዳቶቹን ማለቱ ነው። «በክለቡ ውስጥ ያሉ ምንጮች» ሲል የአስተዳደሩን ወገን። «ክለቡ እንደሚያምነው» ወይም «የክለቡ አቋም» ብሎ ያለ ምንጭ ሲጽፍ ደግሞ የክለቡ ሕዝብ ግንኙነት ስሜ አይጠቀስ ብሎ አስረድቶታል ማለት ነው፤ ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ ክብደት አለው። ወደ አማርኛ ሲተረጎም ይህ ልዩነት ይጠፋና ሁሉም «የውስጥ ምንጮች» ይሆናል። በጣም የሚያሳዝነው መጥፋት ይህ ነው፤ አንባቢው መመዘኛውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና።

የዴቪድ ሞየስ ስንብት ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ያስረዳል። ሞየስ ማንችስተር ዩናይትድን የያዘው በ6 ዓመት ውል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 2006 በኤቨርተን ሜዳ 2 ለ 0 ተሸነፈ። (ቀኑ የፋሲካ ዕለት ነበር፤ ጨዋታውን ያልረሳ የማንቼ ደጋፊ ብዙ ነው።) በማግስቱ፣ ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች በአንድ ድምፅ ሊሰናበት ነው ብለው ጻፉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ክለቡ አረጋገጠ። በመካከል አንድ ቀን አለፈ፤ ሰውየው በሥራ ላይ እያለ መባረሩን ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። ለምን በዚያ ቀን? ዩናይትድ በዚያ ሽንፈት 57 ነጥብ ይዞ ቀረ፤ አራተኛ የነበረው አርሰናል 70 ደረሰ። ልዩነቱ 13፣ የቀሩት ጨዋታዎች 4፣ ማለትም ቢበዛ 12 ነጥብ። እስከ አራተኛ ለሚወጡ የሚሰጠው የሻምፒዮንስ ሊግ ቦታ በሂሳብም ተዘጋ። በስፋት እንደተዘገበው በውሉ ውስጥ ይህ ከሆነ ክለቡ የሚከፍለውን ካሳ ወደ አንድ ዓመት ደመወዝ የሚያወርድ አንቀጽ ነበር። የወሬው ሰዓት ከውሉ አንቀጽ ጋር ገጠመ። ስለዚህ ወሬ ሲሰማ «ተሸነፈ ወይ?» ከማለት በፊት «በውሉ ላይ ዛሬ የተለወጠ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስኬዳል።

ሌላው የዩናይትድ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ሃል ደግሞ ግንቦት 13 ቀን 2008 የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ። ክሪስታል ፓላስን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ ገና ደስታው ሳይበርድ ሞሪንሆ ሊተካው ነው የሚለው ዜና ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ተሰናበተ። ባየር ሙኒክም መጋቢት 14 ቀን 2015 ማታ ናግልስማንን ሊያባርር መሆኑ ሲሰማ አሰልጣኙ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ክለቡ በማግስቱ ቱኸልን መሾሙን ገለጸ። ሁለቱም ዘንድ ወሬው የወጣው ተተኪው ዝግጁ ከሆነ በኋላ ነው። የሚያውቀው ሰው የሚበዛው ያኔ ነዋ! አዲሱ ሰው፣ ወኪሉ፣ ጠበቃው፣ ረዳቶቹ፣ የቀድሞ ክለቡ ሲጨመሩ ምስጢር የነበረው ነገር የአደባባይ ይሆናል።

ተቃራኒው የርገን ክሎፕ ነው። ሊቨርፑልን እንደሚለቅ ለአለቆቹ የነገራቸው ኅዳር 2016 አካባቢ ነው፤ ሕዝብ የሰማው ጥር 17 ቀን ከክለቡ በራሱ ነው። ሁለት ወር ያህል ተጠብቋል፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ድርድር የሚደረግለት ተተኪ አልነበረም፣ የሚያተርፍ ወኪልም አልነበረም። ለዚህ ነው «ወሬ የለም» ማለት «ይቆያል» ማለት የማይሆነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ፤ በእኛ በኩል ነገሩ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። የእንግሊዝ ጋዜጣ ክለቡ «እያጤነ ነው» ብሎ ይጽፋል። የቴሌግራም ቻናሉ «ሊያሰናብት ነው» ብሎ ያመጣዋል። አቦሉ ላይ «ሊያሰናብት ነው» የተባለው ቶናው ላይ «አሰናበተ» ይሆናል፤ በረካው ሲቀዳ ተተኪው ተሹሟል። ማንም አልዋሸም፤ ግሱ ብቻ በየሲኒው አንድ እርከን ከፍ ብሏል። ስለዚህ ወሬውን ላመጣው ሰው መቅረብ ያለበት ጥያቄ «እውነት ነው?» ሳይሆን «ግሱ ምን ይላል?» ነው። «ግፊት ውስጥ ነው» ማለት ማንም ምንም አልወሰነም ማለት ነው። «ተወያይተውበታል» ማለት ስብሰባ ነበረ። «ተተኪ አነጋግረዋል» ከባድ ነው። «ይጠበቃል» ደግሞ ጋዜጠኛው እርግጠኛ ሆኖ ፊርማ ወይም መግለጫ ብቻ ሲቀር የሚጠቀምበት ነው። «ቦርዱ ሙሉ እምነት አለው» የሚለው ይፋዊ መግለጫም እንደ ዋስትና አይቆጠር፤ ጥያቄ ያልተነሳበት አሰልጣኝ የእምነት መግለጫ አያስፈልገውምና።

የውርርድ ቤት ቁጥርም እንደ ማስረጃ ይቀርባል። «ቀጥሎ የሚባረረው ማን ነው?» በሚለው ውርርድ የአንድ አሰልጣኝ ኦድ (ውርርዱ ሲሳካ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) ከ5.00 ወደ 1.50 ወረደ እንበል። 1 ለ 1.50 ሲካፈል 67 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ የቤቱ ትርፍ አለበት፣ ስለዚህ ትክክለኛው ግምት ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚያም በላይ ይህ ዓይነቱ ገበያ ትንሽ ገንዘብ የሚገባበት ስለሆነ ጥቂት ሰዎች ወሬ ሰምተው ሲያስይዙ ቁጥሩ ይወድቃል። ወሬው ቁጥሩን ጣለ፣ ቁጥሩ ደግሞ ለወሬው ማስረጃ ሆነ፤ ክቡ ተዘጋ።

ለማጣራት አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ዜናውን መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ መፈለግ ነው፤ አሥር ቻናል አንዱን ጋዜጣ ቢጠቅስ ምንጩ አሥር ሳይሆን አንድ ነው። ቀጥሎ ያ ጋዜጠኛ ክለቡን በየቀኑ የሚከታተል ነው ወይስ ከሌላ አገር ሆኖ የሚጽፍ? ከዚያ ከእሱ ጋር የማይገናኝ ሁለተኛ ጋዜጠኛ በራሱ ምንጭ አረጋግጧል ወይ? ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል፤ የባለፈው ዓመት ዜና በአዲስ ፎቶ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። የታዋቂ ጋዜጠኛ ስምና ፎቶ ለጥፈው አንድ ፊደል ብቻ የቀየሩ የሐሰት ገጾችም አሉ፤ ስሙን ፊደል በፊደል ማንበብ ግድ ነው።

ሰዓቱም ይረዳል። የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ከአሰልጣኞች ጋር ካደረጉት ቃለ ምልልስ የተወሰነውን ክፍል በእነሱ አገር ሰዓት እስከ ማታ 4:30 (በፈረንጅ አቆጣጠር 10:30) ሳያወጡ ይይዙታል። ይህ በእኛ ከመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሌሊት 6:30፣ በተቀረው ጊዜ ሌሊት 7:30 ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ጋዜጣ ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳ ዜና አፈትልኮ የወጣ መረጃ ሳይሆን ተይዞ የቆየ ንግግር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንዳንዴ ወሬውን የሚያረጋግጠው ጋዜጣ ሳይሆን የአክሲዮን ገበያ ነው። ማንችስተር ዩናይትድ በኒውዮርክ፣ ዩቬንቱስ በሚላን፣ ዶርትሙንድ በፍራንክፈርት ገበያ አክሲዮናቸው የሚሸጥ ነው፤ የአክሲዮን ዋጋን የሚነካ ትልቅ ጉዳይ ሲኖር ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። የዩናይትድ አሰልጣኝ ቴን ሃግ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ሲሰናበት ሩበን አሞሪም ይመጣል የሚለው ወሬ ወዲያው ተነዛ። እርግጡ የታወቀው በማግስቱ ነው፤ አሞሪም ያኔ ያሰለጥነው የነበረው ስፖርቲንግ ሊዝበን፣ እሱም አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ዩናይትድ የ10 ሚሊዮን ዩሮውን የውል ማፍረሻ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑን ለፖርቱጋል የገበያ ተቆጣጣሪ በጽሑፍ አሳወቀ። ሹመቱ ይፋ የሆነው ጥቅምት 22፣ ሥራ የጀመረው ኅዳር 2፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ኅዳር 15 ነበር። በመካከሉ ረዳት አሰልጣኙ ቫን ኒስትልሮይ በጊዜያዊነት 4 ጨዋታ መራ። «ተረጋገጠ ከተባለ ለምን አልመጣም?» ብሎ ወሬውን ውሸት ያደረገ ደጋፊ ያኔ ብዙ ነበር፤ ማፍረሻ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የሥራ ፈቃድ እንዳለ ያልቆጠረ።

ስለ ደሴ ከተማ፣ ስለ ኮምቦልቻ ወይም ስለ ወልዲያ አሰልጣኝ ሲሆን መንገዱ ይለያል። እዚህ ማፍረሻ የሚከፍል የውጭ ክለብ የለም፣ ወኪልም ብዙ አይሳተፍ። ወሬው የሚወጣው ከቦርድ ስብሰባ፣ ከደመወዝ መዘግየት ወይም ከደጋፊ ማኅበር ነው። ጥቅሙ ደግሞ በእግር ሄዶ ማጣራት መቻሉ ነው። ደሴ ሆጤ ሜዳ ጠዋት ልምምድ የሚመራው ማን ነው? ምክትሉ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከመራ ቡድን መሪውን መጠየቅ ይቻላል። የስንብት ደብዳቤ ፎቶ በቴሌግራም ከመጣ ደግሞ ቁጥርና ቀን፣ በክቡ ማኅተም ላይ የተጻፈው ስም፣ የፈራሚው ማዕረግ፣ ከታች ደግሞ ግልባጩ ለማን እንደሆነ ይታይ። የደብዳቤው ቀን እሁድ ከሆነ ወይም ግልባጭ የሚባል ነገር ከሌለው፣ ሰኞ ጠዋት ክለቡ ጽሕፈት ቤት ሳይጠየቅ ለሌላ ሰው መላክ የለበትም።