«ዝም አይነቅዝም»፦ ከጎተራ እስከ ቢሮ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል በቆሎ አምርቶ ጎተራውን የሞላ ገበሬ ገና እፎይ አይልም። ነቀዝ አለ። ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡሮ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ ትሉ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድጋል። ከላይ ሲያዩት ደህና በቆሎ ነው፤ ዘገን ሲያደርጉት ቀፎ። ጤፍ ግን ይህ አያገኘውም። ቅንጣቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለነቀዝ ልጅ ማደሪያ አይበቃም።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው አባባል ምስሉን ያገኘው ከጎተራ ነው። ያልተነገረ ቃል ቢከርምም አይበላሽም፤ በፈለጉት ቀን ያወጡታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለተናደደ ሰው ነው። አፉን ሊከፍት ሲል አንድ ሽማግሌ «ተወው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ይሉታል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ደግሞ ወንድሙ ነው። እሱን ደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ላየ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

እኔ አባባሉን ያነሳሁት ለቢሮ ነው። ዝምተኛ ነኝ። አንድ ዓመት አለቃዬ የሥራ አፈጻጸም ቅጼ ላይ «በስብሰባ አይሳተፍም» ብሎ ጽፎ ነጥቤን ቀነሰው። ተናደድኩ። ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነቀዘም።

ነገሩን የፈታልኝ የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። ጎጃም የታወቁት የቅኔ ቤቶች፣ የዋሸራና የጎንጅ አገር አይደል? የቅኔ ተማሪ ቀን ደበሎውን ለብሶ ለብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቆጠራው ረጅም፣ ነገራው አጭር። ጀማሪው የሚያቀርበው ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር ቅኔ 2 ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው። ሙሉ ቀን ለ2 ቤት! ሰነፍ የሚለው ግን የለም።

የእኛ የቢሮ ስብሰባ ግን ከሁሉም ሰው የቅኔ ቤቱን ዘረፋ ይጠብቃል፤ እዚያው አስቦ እዚያው መናገር። ዘረፋ ደግሞ ለሁሉ አይሰጥም። ስለዚህ አጀንዳውን ከዋዜማው እጠይቃለሁ። ማታ ቤቴ እቆጥረዋለሁ። 2 ዓረፍተ ነገር ይዤ እገባና ቀደም ብዬ እናገራቸዋለሁ፤ ከዘገየሁ ወሬው ይደራና መግቢያ አጣለሁ። ጠጠር ያለ ጉዳይ ከሆነ በጽሑፍ እሰጣለሁ። ጽሑፍ መሃል ገብቶ የሚያቋርጥ የለም።

አባባሉን መደበቂያ ማድረግ ግን አልወድም። ጤፉ ባይነቅዝም ከጎተራ ካልወጣ እንጀራ አይሆንም። የለፉበትን ሥራ ሌላ ሰው በስሙ ሲያቀርበው ዝም ማለት ትዕግሥት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝምተኛ ሰው ባለበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዡ አስቀድሞ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እየወደድኩት መጥቻለሁ። ሁሉም 3 ሰዓት ሙሉ ሲጯጯኹ ውለው ይወጣሉ። በማግስቱ «ትናንት ምን ነበር የወሰንነው?» ብለው የሚመጡት እኔ ጠረጴዛ ጋ ነው።