መንገድ የወጣች ልጅ፦ ልቦለዶቻችን ስለ ሴቶች በደል የሚነግሩን

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ባለታሪክ ሴት ልጅ ናት። ጦቢያ ትባላለች። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። መንትያ ወንድሟ ዋሕድ፣ አባታቸውን ነፃ ያወጣውን ነጋዴ ውለታ ለመክፈል ገንዘብ ፍለጋ ይሄዳል። መንገዱ አልቀናውም፤ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ቢሆንም ሲወጣ በራሱ ልብስ፣ በራሱ ስም ነው የወጣው። ጦቢያ ግን እሱን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትነሳ እንደ ወንድ መልበስ ነበረባት። አባት አጠገቧ እያለ እንኳ ሴት ሆና መንገድ መውጣት አልቻለችም። አንባቢው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ያውቀዋላ!

ከዚያ ወዲህ ስለ ወጣት ሴቶች የተጻፉ ብዙ ልቦለዶቻችን ወደዚሁ ነገር ይመለሳሉ። ልጅቷ ከቤት መውጣት ትችላለች? ከወጣችስ ምን ያገኛታል? ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጻፉት የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ታሪክ ያለዕድሜ ጋብቻን ነቅፈዋል። ሕጉ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንድ ደግሞ በ18 ዓመቱ ማግባት ይችሉ ነበር። ሁለቱም እኩል 18 የሆኑት በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር መጽሐፍ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። እኔ ግን ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር ከፍቅሩ ይልቅ ያ ቤት ነው የሚያንገበግበኝ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር እየመዘኑ ይመልሱታል። ማንም እሷን የጠየቀ የለም። ዕድሜዋ ሲገፋ «ቆማ ቀረች» የሚባለው ለሷ ነው፤ ያስቀሯት አባቷ ስም አይወጣላቸውም። በዛብህ ቤት ገብቶ ፊደል ባያስተምራት ከዘመድና ከአሽከር ሌላ ወንድ የምታይበት ዕድል አልነበራትም። በመጨረሻ እሱን ፍለጋ ቤቷን ጥላ ወጣች። ስትደርስበት ሊሞት እያጣጣረ ነበር። እሷም መነኮሰች።

ሰብለ እመቤት ናት። ሀብትም ዘርም አላት። ገረዲቱስ? በብዙ ልቦለዶቻችን የቤት ሠራተኛዋ ውሃ ቀድታ፣ እግር አጥባ፣ ሁለት ቃል ተናግራ ትወጣለች። የጌታው ልጅ ሌሊት ማድ ቤት ቢገባ ታሪኩ የሱ የጉርምስና ወሬ ይሆናል። ካረገዘች ደግሞ ጓዟን ጠቅልላ የምትወጣው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም መታየት አለበት። «ክብረ ንጽሕናዋን ገሰሰ» እንላለን። «አበላሻት» እንላለን። ትንሽ ቆይቶ ግሡ ወደ እሷ ይዞርና «ተበላሸች» ይሆናል፤ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄዷል። በሠርግ «ብር አምባር» ሲባል የሚመረመረው የሙሽሪት ገላ ብቻ ነው። ሙሽራውን ማን ይመረምረዋል? ደራሲዎች እነዚህን ቃላት ከመንደር እንዳሉ ያመጧቸዋል። ጥሩ ደራሲ ግን ቃሉ ስንት ነገር እንደሚሸፍን እንድናይ ያደርገናል።

በ1956 ዓ.ም. የወጣው «ሴተኛ አዳሪ» ርዕሱን ያደረገው ሰው ዝቅ አድርጎ የሚናገረውን ስም ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲ ስም እናኑ አጎናፍር ነው። የብዕር ስም ነው፤ የጻፈው ጋዜጠኛው ነጋሽ ገብረ ማርያም ነው። በአደባባይ የምትናቅ ሴት በራሷ አፍ ስትናገር መስማት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የሴቷን «እኔ» የጻፈው ወንድ መሆኑም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ለረጅም ጊዜ ብዕሩ በአብዛኛው በወንዶች እጅ ነበር። የልጅቷ አንገትና ዓይን ገጽ ሙሉ ሲወራላቸው ሐሳቧ ሁለት መስመር ያገኘው ለዚህ ይመስለኛል።

ፊልምም ይህንኑ መንገድ ይዟል። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ድፍረት» በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ወንዶች ተጠለፈች። ሰውዬው ደፈራት። ስታመልጥ በጠመንጃ ገደለችው፤ ተከሰሰችም። በመጨረሻ ራሷን መከላከሏ ታምኖ ነፃ ወጣች። የርዕሱን ቃል ልብ በሉት፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። አንዱ ቃል የሷንም የሱንም ሥራ ይዟል። ጠለፋን እንደ ሠርግ ዋዜማ ያየው መንደሩ ብቻም አልነበረም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከክስ መዳን ይችል ነበር። ይህ የቀረው በ1997 በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፣ ጋብቻም አያድንም።

ሌላ ሂሩት አለች። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ውስጥ ናት። ወላጅ የሌላት ገረድ ናት። ያላት ንብረት የአባቷ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጌታዋ ኪዳኔ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። አገር ሊያድን የዘመተው ይኸው አርበኛ በዘመቻው መካከል ይደፍራታል። የኪዳኔ ሚስት አስቴርም ብትሆን በልጅነቷ ተድራ፣ የሠርጓን ሌሊት በግድ ያለፈች ሴት ናት። ቢሆንም ሂሩትን ትመታታለች። ይህን መጽሐፍ የምወደው ለዚህ ነው፤ አርበኛውን ስላከበረ ግፉን አይሸፍንለትም፣ የተበደለችም ሴት ሌላዋን ልትበድል እንደምትችል አይደብቅም።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1966ቱ አብዮት ዋዜማ ነው። ሂሩት አድጋለች። ብቻዋን ቀናት ተጉዛ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ደርሳለች። ከእጇ ያልለየችው ሳጥን ውስጥ፣ እስረኛ ሳለች ጣሊያኑ ወታደር ያነሳት ፎቶዎች አሉ። ለባለቤቱ ልትመልስለት ነው የመጣችው።