አቧራ በለበሰ እግር ደጅ መሳለም

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ስትጸልዩ ሐሳባችሁ ይበተናል? የእኔም ይበተናል። «ዓይንህን ጨፍን፣ ምንም አታስብ» ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል። እኔን የረዳኝ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1548 ባጸደቁት «መንፈሳዊ ልምምዶች» በተባለው የጸሎት መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ኢግናጥዮስ በጌታ ልደት ላይ የሚያስጸልየን በአምስቱም ሕዋሳት ነው። መጀመሪያ መንገዱን እይ ይላል። ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም ምን ያህል ይርቃል? ሜዳ ነው ወይስ ሸለቆ? ዋሻውስ ሰፊ ነው ጠባብ? ጣሪያው ከፍ ያለ ነው ዝቅ ያለ? ከዚያ አንተም ግባ። እንደ አንድ ምስኪን አሽከር ሆነህ የሚያስፈልጋቸውን አቅርብላቸው። የሚነጋገሩትን ስማ። የአምላክነቱን ጣዕምና መዓዛ አጣጥም። የረገጡትን፣ የተቀመጡበትን ቦታ ዳስሰህ ሳመው።

እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ደጅ መሳለምን ከእናቶቻችን ነው የተማርነው። ቅዳሴው ቢያልፋቸው እንኳ ደጁን ስመው ነው የሚመለሱት።

በዚያ ዘመን በሰሜን አውሮፓ በብዙ ቦታ «ጣዖት ማምለክ ነው» በሚል ቅዱሳት ሥዕላትና ሐውልቶች ይሰባበሩ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 መጨረሻ መልስ ሰጠ፤ ክብሩ ለቀለሙ ወይም ለእንጨቱ ሳይሆን ሥዕሉ ለሚያሳየው ነው አለ።

ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ ለሮም ቅዱስ አጎስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን የሎሬቶዋን እመቤታችንን ሣለ። ሎሬቶ የናዝሬቱ ቤቷ ይገኝበታል ተብሎ የሚታመን የጣሊያን ከተማ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በባዶ እግሯ ደፉ ላይ ቆማለች። ሁለት ድሃ ተሳላሚዎች ተንበርክከዋል። የወንድየው የቆሸሸ ውስጥ እግር ወደ እኛ ዞሯል። በጊዜው ሕዝቡ በዚህ ተንጫጫ። ለእኔ ግን ከሥዕሉ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸው እግር ነው። ኢግናጥዮስ እይ ያለው መንገድ እዚያ ላይ አለ፤ አቧራው ሳይቀር።

ዛሬ ማታ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ክፈቱ። አትቸኩሉ። ከመንገዱ ጀምሩ። የበረቱ ሽታ ወይም የሕፃኑ ልቅሶ ከያዛችሁ እዚያው ቆዩ፤ ወደሚቀጥለው ለመሄድ አትጣደፉ። በመጨረሻ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር እንደሚያወራ በልባችሁ ያለውን ንገሩት። ከዚያ «አባታችን ሆይ» በሉ።