ግንድ ሕዋሳት፦ ሳይንሱና የሥነ ምግባር ክርክሩ

ግንድ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባለው፣ ራሱን እያባዛ የሚቆይና በሌላ በኩል ደግሞ የተለየ ሥራ ወዳላቸው ሕዋሳት መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ የሚይዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው፤ የነርቭ ሕዋስ ከጡንቻ ሕዋስ የሚለየው የትኞቹ ጂኖች በሥራ ላይ እንደሆኑና የትኞቹ እንደተዘጉ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ዲኤንኤውን የያዘውን ክፍል፣ ማለትም ኒውክለሱን፣ ስለሚጥል መከፋፈል አይችልም፤ 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያልፍ የሚተካው የአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ግንድ ሕዋሳት በሚመነጭ አዲስ ሕዋስ ነው።

የእነዚህን የመቅኔ ሕዋሳት መኖር በአይጦች ላይ ያሳዩት በቶሮንቶ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ ሲሆኑ፣ ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ1961 ታተመ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ዛሬ የደም ካንሰርን ለማከም የተለመደ ነው፤ ለጋሹ ፈቅዶ ስለሚሰጥና መቅኔውም ስለሚተካ ያን ያህል አላከራከረም።

ክርክሩ የተጋጋለው የዊስኮንሲኑ ጄምስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰው ፅንስ ግንድ ሕዋሳትን ለይቶ ካሳደገ በኋላ ነው። ሕዋሳቱ የሚወሰዱት ለመካንነት ሕክምና በቤተ ሙከራ ተፈጥሮ ከተረፈ፣ የአምስት ቀን ገደማ ዕድሜ ካለው ፅንስ ነው፤ ሲወሰዱም ፅንሱ ይጠፋል። የሰው ሕይወት ከፅንሰት ጀምሮ የተከበረ ነው የምትለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድርጊቱን ስትቃወም፣ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ነፍስ የሚገባው በ120ኛው ቀን፣ ሌሎች ደግሞ በ40ኛው ቀን ነው ስለሚሉ በጉዳዩ ላይ ላላ ያለ አቋም ይዘዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ በፅንስ ላይ የሚደረግ ምርምር ከ14 ቀን እንዳያልፍ ወሰነች፤ ከዚያ በኋላ የሰውነት መሠረታዊ ቅርጽ መታየት ስለሚጀምርና ፅንሱ ለመንታ የሚከፈልበት ዕድል ስለሚያበቃ፣ ገደቡ ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ጀርመን ግን ሕዋሳቱን በአገር ውስጥ ማውጣትን ከልክላ፣ ውጭ አገር የወጡትን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ማስገባትን እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቀደች፤ ይህ ለተመራማሪዎች መውጫ የሰጠ ቢሆንም በመርህ ደረጃ ትክክል ነው ብሎ ለመሟገት የሚያስቸግር አቋም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺንያ ያማናካና ባልደረባው ካዙቶሺ ታካሃሺ አራት ጂኖችን ብቻ በማስገባት የአይጥን የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንድ ሕዋስነት መለሱት፤ በዓመቱ በሰው ሕዋስም ተሳካላቸው። ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2012 ከብሪታንያዊው ተመራማሪ ጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ፅንስ ስለማይጠፋ ብዙዎች ጥያቄው የተዘጋ መስሏቸው ነበር። ይሁንና ከአራቱ ጂኖች አንዱ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያው በ2012 ደግሞ በዚህ መንገድ ከተገኙ የአይጥ ሕዋሳት እንቁላል ተሠርቶ ግልገሎች ስለተወለዱ፣ ከሰው ቆዳ ልጅ መውለድ ይፈቀድ ወይ የሚል አዲስ ጥያቄ ተነሣ።

ለጊዜው ግን ሰውን እየጎዳ ያለው ከዚህ የቀለለ ጉዳይ ነው። በአስተማማኝ ሁኔታ የተረጋገጠው የግንድ ሕዋስ ሕክምና በአብዛኛው የደም በሽታዎችን የሚመለከት ሆኖ ሳለ፣ በየአገሩ ያሉ የግል ክሊኒኮች ለጉልበት ሕመምም ለኦቲዝምም መድኃኒት ነው እያሉ ይሸጡታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ዘገባ፣ በፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በአንድ ቀን በሁለቱም ዓይኖቻቸው ተወግተው ክፉኛ የማየት ጉዳት ደረሰባቸው። እያንዳንዳቸው የከፈሉት 5,000 ዶላር ነበር፤ ትክክለኛ የሕክምና ጥናት ግን ተሳታፊውን እንዲህ አያስከፍልም።